ቧንቧውን ራሳቸው ይክፈቱት

ፊዚክስን በሲሙሌሽን ማስተማር ብዬ ስጽፍ "ደግሞ ሌላ ፕላዝማ?" ያላችሁኝ አላችሁ። አልፈርድባችሁም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን ፕላዝማ እኔም በተማሪነት አይቼዋለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይነጉዳል፣ ማንንም አይጠብቅም።

ይሄ ግን ሌላ ነው። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌት የሚባለው ሲሙሌሽን በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። (ሰቆጣ ያለ መምህር ይህች ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል።) ጄኔሬተሩ ላይ ልጁ ራሱ ቧንቧውን ይከፍታል። ውሃው መዘውሩን፣ መዘውሩ ማግኔቱን ያዞራል፤ አምፖሉ ቦግ ይላል። ውሃውን ሲቀንስ ይደበዝዛል፣ የሽቦውን ዙር ሲጨምር ይደምቃል።

"ቲቸር፣ ተከዜም እንዲህ ነው?"

አዎ፣ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጎረቤታችን ግድብም በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው።

እርግጥ ኮምፒውተር ላይ ሽቦ አይላላም፣ ማግኔት አይደክምም። ስለዚህ እውነተኛ ሽቦ በእጃቸው ሳይጠቀልሉ አላልፍም። ችግሬ ሌላ ነው፤ አንድ ላፕቶፕ ለሙሉ ክፍል አይዳረስም። ቤታችሁ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቢያዘግምም ግድ የለም፣ ብቻ ባትሪው ይያዝ። መብራት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።