የግንቦት ሣር

ግንቦት ልደታ በደጅ የሚከበር በዓል ነው። እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ ነውና ንፍሮው በደጅ ይቀቀላል፣ ቡናው በደጅ ይፈላል፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ መሬት ላይ ይቀመጣል። ግንቦት 1 ቀን በልጉ ያለውን ሰጥቶ የሚያበቃበት፣ ክረምቱም ገና ያልገባበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት የምንቀመጥበት ሣር እንዳለ የበልግ ዝናብ ሥራ ነበር። ልደታ ሰፈር ላደግን ልጆች በልጉ መያዙ ወይም መቅረቱ የሚታወቀው ከሬዲዮ ሳይሆን ከተቀመጥንበት ነው።

ሰፈራችን ያኔ ሣር ነበረው። በጭቃ ቤቶቹ መካከል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መነሻው ይህ የልደታ ሜዳ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን መንገደኛው ወደ ቦሌ ከሄደ ቆይቷል፤ ሜዳውም የወታደር ነበር። እኛን የሚመለከተን ከአጥሩ ወዲህ የሚበቅለው ነው። በበዓሉ ዋዜማ እናቴ ማጭድ አስይዛ ትልከናለች። በልጉ ደህና በሆነ ዓመት ሰርዶው ቁርጭምጭሚት ያለብሳል፤ ስናጭደው ጣታችን ይረጥባል፣ ሽታው እስከ ማታ ከእጃችን አይለቅም። በልጉ በቀረ ዓመት ማጭዱ የሚይዘው አፈር ነው፤ ያመጣነው ሣርም ሲጎዘጎዝ ይንኮሻኮሻል።

ከመንዝ የመጡ አንዲት ጎረቤት ነበሩን፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ሸክማችንን ስናወርድ አንዲት የሰርዶ ሐረግ መዘው መዳፋቸው ላይ ይዘረጓታል። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ የሚሄድ ሣር ነው። ውሃ ሲያገኝ ከአንጓ እስከ አንጓ ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ሲጠማ ያጥራል፣ አንጓዎቹም ይጠጋጋሉ። እማማ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንጓ አንጓውን እየነኩ፣ «እዚህ ላይ ጣለ፤ እዚህ ላይ ተወው፤ ይኸው እንደገና መጣ» ይሉን ነበር። ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብለው፣ «ዘንድሮ መጋቢትን ዘሎታል፤ አገር ቤት ከብቱ ምን ይበላ ይሆን?» ይሏታል። ያን ማታ ወደ መንዝ የሚሄድ ሰው ተፈልጎ ገንዘብ ይላካል።

ያ ንባብ የእማማ የግል ልማድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድር የሚጠብቀው ሣሩን እያየ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ልጆች ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ያን ደጋ ይዘጉት ነበር፤ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ማንም አያጭድበትም፣ ከብትም አይገባበትም ነበር። የሚከፈተው ሽማግሌዎች አይተው ሣሩ ደርሷል ሲሉ ነበር። ዝናቡ ከቀረ ሣሩ ይዘገያል፤ ሣሩ ከዘገየ ቀኑም ይገፋል። ሥርዓቱ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹ ግን በሌላ መልክ መልሰው አደራጅተውት ጓሳ ዛሬም አለ።

እማማ በጥፍራቸው የሚያነቡትን ነገር በቁጥር ካስቀመጡት ምሁራን አንዱ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ይሠራ ነበር። ፈረንሳዊው ለ ሁዌሩ ጉርድ ሾላ በሚገኘውና ያኔ ኢልካ፣ ዛሬ ኢልሪ በሚባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሳለ የብዙ ደረቅ አገሮችን ግጦሽ ከዝናባቸው ጋር አስተያይቷል። በእ.ኤ.አ. 1984 ባሳተመው ጥናት፣ በደረቅ ምድር አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሔክታር ላይ በአማካይ 4 ኪሎ ገደማ ደረቅ ሣር እንደሚያበቅል አሰላ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የያዘኝ ተከትሎት የሚመጣው ነገር ነው፦ መሬቱ ከተጋጠና ከተራቆተ ያው አንድ ሚሊ ሜትር የሚሰጠው ሣር እጅግ ያነሰ ነው። ያው ዝናብ በጓሳና በተራቆተ ኮረብታ ላይ ቢወርድ ያው ሣር አይሆንም።

ሌላው ጉዳይ የዝናቡ አወራረድ ነው። በአሜሪካ ካንሳስ ሜዳ ተመራማሪዎች ሣሩ ላይ ጣሪያ ሠርተው የሰማዩን ውሃ አጠራቀሙ፤ ከዚያም ያንኑ መጠን በረጅም ልዩነት፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ብዙ አድርገው ለቀቁት። ውጤቱን በእ.ኤ.አ. 2002 ሲያሳትሙ፣ ከጠቅላላው ውሃ አንዲት ጠብታ ሳይጎድል የሣሩ ዕድገት መቀነሱን አሳዩ። በሁለት ዝናብ መካከል የላይኛው አፈር ይደርቃል፤ አብዛኛው የሣር ሥር ደግሞ ያለው እዚያው ላይኛው አፈር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የዓመቱ ድምር ሞላ ማለት ግን ለግንቦት ሣር ምንም ማለት አይደለም። ነሐሴ የጎርፍ ወር ቢሆን የመጋቢትን ጥማት አይከፍልም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አሮጌው ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተተከለበት። ጭቃ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ጣሪያው የማያፈስ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያስከፋ ነገር አላወራም። በ2008 ዓ.ም. ባቡሩም መጣ፣ ድልድዩም በላያችን አለፈ። ዛሬ በበዓል ዋዜማ ከድልድዩ ሥር ሴቶች ቄጤማ በእቅፍ በእቅፍ ዘርግተው ይሸጣሉ። ቄጤማው ረግረግና ወንዝ ዳር የበቀለ ስለሆነ በልግ መጣ፣ በልግ ቀረ፣ አረንጓዴ ነው። በየመንገዱ ዳር የተተከለው ሣርም ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል፤ ጥር ላይ ከመስከረም የተለየ አይደለም።

በ2007 ዓ.ም. በልጉ ሳይመጣ ቀረ፤ ቀጥሎም ኤልኒኞ ክረምቱን አዛባው፤ በ2008 ዓ.ም. የዕለት እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን አለፈ። የ2007ቱን ግንቦት 1 በደንብ አስታውሳለሁ። ንፍሮው ደርሷል፣ ሙዚቃው ሞቋል፣ ቄጤማው ለምለም ነው። ከመካከላችን አንድም ሰው ስለ በልግ አላነሣም። በአፋር ከብት እየወደቀ፣ በወሎ ደጋ የበልግ እርሻ ባዶ ሆኖ፣ እኛ የተቀመጥንበት ግን ምንም አልነገረንም።

ከዚያም የቦረና ድርቅ መጣ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀረ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዋናው ዝናብም፣ ሐጋያ የሚባለው የመከሩ ዝናብም። እንዲህ ያለ ድርቅ የሚጎዳው ያን ዓመት ብቻ አይደለም፤ ሣሩ ለሚቀጥለው ዓመት አፈር ውስጥ ያስቀመጠው ቡቃያም ይሞታል፣ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲመጣ ተነሥቶ የሚቀበለው ጥቂት ነው። በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት መድን አለ፤ ካሳው የሚከፈለው ሳተላይት ከሰማይ የግጦሹን አረንጓዴነት ለክቶ ሲያንስ ነው። የእማማ ጥፍር ሥራ ወደ ሰማይ ወጥቷል ማለት ነው። ለአርብቶ አደሩ መልካም ነው። ሳተላይቱ ያየው ነገር ግን ልደታ ድረስ የሚመጣ የለም፤ ሲመጣም የእርዳታ ጥሪ ሆኖ፣ ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ አንድ ጥያቄ አቀረብሁ። ከግቢያችን ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ ኋላ ያለችው ቁራሽ መሬት ላይ ቱቦ አይድረስባት፤ የራሷን ሰርዶ ታብቅል፤ ግንቦት ልደታንም እሷ ላይ ተቀምጠን እናክብር አልሁ። ሰብሳቢው ጨዋ ልጅ ነው፤ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እሷማ በበጋ ትደርቃለች፤ በልጉ ከቀረ ደግሞ በበዓሉ ቀን አፈር ላይ ልንቀመጥ ነው» አለኝ። አዎ፣ አፈር ላይ እንቀመጣለን አልሁት። ልጆቹ ለምን አፈር ላይ እንደተቀመጥን ይጠይቁናል፣ እኛም በልጉ የት የት እንደቀረ እንነግራቸዋለን፤ ገና ግንቦት ስለሆነም መዋጮ ለመሰብሰብ ጊዜው አይረፍድም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጥሯል፤ እስካሁን ሦስት ጎረቤቶች እንደሚደግፉኝ ነግረውኛል።