ልብ አንጠልጣዩ ለማን?

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በቀይ ባሕር ጠረፍ በምትገኘው ኤርትራ በ1974 ዓ.ም. በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ የተመሠረተ፣ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ነው። ደሴ ከሚገኙ የትምህርት ጓደኞቼ ጋር ስንወያይበት፣ ስለላውንና የጸጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር ያደነቁት ብዙዎች ናቸው፤ የዘመቻው ስብሰባና ዘገባ ግን ትረካውን ያጓትታል ተብሎ ተነቀፈ። በአሰብ መንገድ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩት የኮምቦልቻው አጎቴ ግን ልባቸው የሚሰቀለው እነዚያኑ ገጾች ሲያነቡ ነው፤ ታናሽ ወንድማቸው ከዚያ ዘመቻ አልተመለሰም። «ፍቅሩንማ ዘልዬው ነው የማልፈው» አሉኝ። ጓደኞቼን የሚያስጨንቃቸው የሴራው ፍጻሜ፣ እርሳቸውን ደግሞ የአንድ ሰው ዕጣ ነው። ስለዚህ አሰልቺ በተባለ ምዕራፍ ላይ ከመፍረዳችን በፊት፣ አንባቢው ማንን እየጠበቀ እንደሚያነብ መጠየቅ ይገባናል።