ጀርባውን ለሀገር የሰጠው ሳህን

በ2009 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዴም ሠፈር ተከራይተን ስንኖር፣ ከሦስት ወር ቁጠባ በኋላ አንድ የሳተላይት ዲሽ ገዛን። ምክንያታችን ልጃችን ነበረች፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ዐረብኛውን ስታቀላጥፍ፣ አያቷ በአማርኛ የሚነግሯትን ተረት ግን እኩሌታውን ብቻ ትረዳ ጀመር።

ለባለሙያ የምንከፍለው ስላልነበረን ተከላውን ራሳችን ጀመርን። እማማ ከግቢው ሆነው፦ «ወደ ገዳሪፍ አዙሩት፤ ሀገራችን በዚያ ነው» አሉን። እንደ ቃላቸው ብናዞረው ምንም አልመጣም። በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚገኙት በናይልሳት አቅጣጫ፣ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነበርና፣ ሳህኑ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ጥቂትም ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ከአድማስ 41 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት ነበረበት። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ፣ ከታች የአንድ ዲግሪ ስሕተት ከላይ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

አንዳችን ከጣራው፣ አንዳችን ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ ልጅቱም ከደረጃው ላይ መልእክት አቀባይ ሆነን ቆምን። «ጥንካሬው 80 ገባ!» ሲባል ተደስተን ብሎኑን አጠበቅን፤ ሥዕል ግን የለም። ኋላ እንደተረዳነው፣ ትክክለኛው ሳተላይት መገኘቱን የሚያረጋግጠው የጥንካሬው ሳይሆን የጥራቱ መስመር ነው። ከላይ «ምነው ዝም አልሽ!»፣ ከታች «ምነው ቸኮልክ!» እየተባባልን ተኳረፍን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ልጅቱ የሁለታችንንም ቁጣ እያስቀረች ቁጥሩን ብቻ ታደርስ ጀመር። ሳህኑን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀስን ጥራቱን 60 አደረስነው፤ አማርኛም ቤቱን ሞላው።

እማማ ወደ ጣራው ቀና ብለው፦ «አይ ጊዜ! ሀገርን ለማየት ጀርባን ለሀገር መስጠት መጣ?» አሉ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በትንሣኤ ዋዜማ በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ከቀናት በኋላ ሳህኑን ከጣራው ላይ ትተን፣ በገዳሪፍ በኩል መተማ ገባን። ከድንበሩ ላይ ልጃችን የተጠየቀችውን ሁሉ በጠራ አማርኛ ስትመልስ ሰማናት። ንብረታችን ቢቀርም የደከምንለት አልቀረም።

ውድ አንባቢያን፣ ባል በግዳጅ፣ ሚስት በቤት ሆናችሁ በስልክ ስትነጋገሩ ነገሩ አልሰማማ ቢላችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት አቅጣጫችሁን ፈትሹ። እኛ ይህን የተማርነው ከጣራ ላይ ነው።