ከማያሚ ለምትሳፈር ልጄ፦ ስለ ኩባያሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ውድ ልጄ፣

    አባትሽ ስለ ጉዞው በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ ሻንጣውን የሚያስረው እሱ ይመስላል።

በስልክ ስናወራ ለመርከቡ ሦስት ትልልቅ ኩባያ ገዛሁ፣ ክዳንና ስትሮ ያላቸው፣ በረዶውን ቀኑን ሙሉ ሳያቀልጡ የሚይዙ ናቸው አልሽኝ። ጥሩ አድርገሻል። መዋኛው አጠገብ የመስታወት ብርጭቆ አይፈቀድም፤ የካሪቢያን ፀሐይም ከባድ ነው፤ ልጅሽ ውሃ ባለ ቁጥር ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ መመላለስ አትችዪም። ነገር ግን እናትሽ ብዙ ዓመት በሆቴል ዕቃ ማጠቢያ ክፍል የሠራሁ ነኝና ሳልመክርሽ አልሸኝሽም።

ዋናውን ላስቀድም። አፍሽ የነካው ኩባያ ሰው ሁሉ የሚቀዳበትን ቧንቧ አይንካ። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

መርከብ ላይ ሰው የሚፈራው ኖሮ ቫይረስ የሚባለውን ነው። ትውከትና ተቅማጥ አንድ ላይ ያመጣል። ሰውነት ውስጥ ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አድክሞ ይለቃል። ለአንቺና ለባልሽ የተበላሸ ዕረፍት ነው፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ግን የሰውነት ውሃ ማለቅ ማለት ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ይህ ቫይረስ ሰው ለማሳመም እጅግ ጥቂት ይበቃዋል። ዕቃ ላይ ለቀናት ይቆያል። የታመመ ሰው ከዳነም በኋላ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ ከፊትሽ ተሰልፎ የኩባያውን ከንፈር ከቧንቧው አፍ ጋር አጣብቆ የሞላው ሰው ደህና መስሎ መታየቱ ዋስትና አይሆንሽም። አንቺም ከኋላሽ ለቆመው እናት እንደዚያው ነሽ።

ስለዚህ ቡፌው ጋ ስትደርሺ የመርከቡን ንጹሕ ብርጭቆ አንሺ፣ በእሱ ቅጂ፣ ከዚያ ወደ ኩባያሽ ገልብጪ። ብዙ መርከቦች ራሳቸው እንዲህ አድርጉ ብለው ይለጥፋሉ፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። አያትሽ ጠላ ስትጠምቅ ጋኑን በግራዋ አሽታ ታጥበውና በወይራ ታጥነው ነበር፤ ያ ሁሉ ከተደከመ በኋላ ከጋኑ የሚቀዳበትን ዕቃ የማንም ሰው አፍ አይነካውም። እንግዳው ዋንጫውን ይዞ በተቀመጠበት ከላይ ይንቆረቆርለታል እንጂ ዋንጫውን ይዞ ወደ ጋኑ የሚሄድ የለም። በረዶም ሲሆን ያው ነው፤ ኩባያሽን በረዶው ውስጥ አትንከሪ፣ በማንሻው ዝቀሽ ጨምሪ።

የመርከቡን ብርጭቆ የማምነው በምክንያት ነው። በሙቀት የሚያጸዳ ትልቅ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ 82 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት፤ እኛ ጋ ሙቀቱን ሳናነብ ሥራ አንጀምርም ነበር። አንቺ ካቢን ውስጥ በእጅሽ የምታጥቢው ኩባያ እዚያ ሙቀት ላይ መቼም አይደርስም፤ እጅ አይችለውም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከልም ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመርከቦችን ንጽሕና የሚከታተል ክፍል አለው፤ ሳያስታውቁ ገብተው ይፈትሻሉ፤ ከ100 ነጥብ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወደቀ ይባላል። ውጤቱ ለሕዝብ ይወጣልና የመርከባችሁን ስም ለአባትሽ ላኪለት፤ ይፈልግላችሁ።

የካቢንሽን የቧንቧ ውሃ አትፍሪ። የመርከቡ የመጠጥ ውሃ ከባሕር ተጣርቶ ወይም ከወደብ ተቀድቶ ክሎሪን የተጨመረበት ነው፤ ጣዕሙ ካልጣመሽ በረዶ ያስተካክለዋል። የክፍላችሁ ቧንቧ የእናንተ ብቻ ነውና፣ አፉን ሳታስነኪ ኩባያውን ከዚያ ብትሞዪ ሰልፉም ጣጣውም ይቀርልሻል። ወደብ ላይ ለመውረድ ስትነሱም ከዚያው ሞልታችሁ ውረዱ።

አሁን ወደ እጥበቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ታገሺኝ። ሰው ኩባያ አጠብኩ ሲል ሆዱን ነው የሚያጥበው። ቆሻሻው ያለው ግን ክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑን ገልብጪው፤ ዙሪያውን የሚያጠብቅ ለስላሳ ጎማ ታያለሽ። ያ ጎማ ይወጣል። በጥርስ እንጨት ወይም በማንኪያ እጀታ አላቅቂው እንጂ በቢላ አትንኪው፤ ከተቆረጠ ያፈስሳል፣ በተቆረጠበትም ሻጋታ ይገባል። ከጎማው ሥር ጣትሽን ስታሳልፊ ሙልጭልጭ የሚል ነገር ካገኘሽ ያ ተከማችቶ የተጣበቀ ተሕዋስ ነው፤ ማለቅለቅ አያስለቅቀውም፣ በብሩሽ መታሸት አለበት። ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽና ታሽቶ ካልለቀቀ ጎማው ይጣል። ከመሄድሽ በፊት ቤትሽ ሆነሽ የሦስቱንም ኩባያ ክዳን አንድ ጊዜ አፍርሰሽ መልሰሽ ግጠሚ፤ መርከብ ላይ በደበዘዘ የመታጠቢያ ቤት መብራት መማር አያስፈልግም። የሚንሸራተት መክፈቻ ያለው ክዳን ከሆነ እሱም ይነቀል እንደሆነ እዪ። የማይነቀል ክዳን ከሆነ ለልጁ አትስጪው።

ስትሮውን ቀጭን ብሩሽ ካላሳለፍሽበት ታጠበ አትበዪኝ። ከውጭ አጣቢው፣ ከውስጥ ከሁለቱም ጫፍ አሳልፊ፣ ወደ ብርሃን አንስተሽ እዪበት።

ሳሙናውን ከቤት ያዢ። የእጅ ሻንጣ ብቻ ይዛችሁ የምትበሩ ከሆነ ከ100 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ጠርሙስ ውስጥ የዕቃ ሳሙና ቅጂ፤ ካቢን ውስጥ ያለው የገላ ሳሙናና ሻምፖ ሽታው ኩባያ ውስጥ ይቀራል። አንድ የጠርሙስ ብሩሽ፣ አንድ የስትሮ ብሩሽ፣ ንጹሕ ፎጣ። ስፖንጅ ተዪው፤ እርጥበት ይዞ ያድራል። በረኪና ይዘሽ አትሂጂ፤ ካቢን ውስጥ ሕፃን አለ፣ በረኪና ደግሞ ሳያውቁ ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

የካቢኑን የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ውሃ ሞልተሽ ዕቃ አትዘፍዝፊበት። እጅ የታጠበበት፣ ጥርስ የተፋቀበት፣ ሽንት ቤቱ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ያለ ገንዳ ነው። ኩባያውን ራሱን ዕቃሽ አድርጊው፦ ሙቅ ውሃና ጥቂት ሳሙና ጨምሪበት፣ ጎማውንና ስትሮውን እዚያው ውስጥ ክተቻቸው፣ ለጥቂት ደቂቃ ተዪው፣ ከዚያ ሁሉንም በብሩሽ አሽተሽ በሚወርድ ውሃ አለቅልቂ። ሳሙና ኖሮ ቫይረስን አይገድለውም፤ ያስለቅቀዋል፣ የሚወስደው የሚወርደው ውሃ ነው። ለዚህም ነው ቡፌው በር ላይ በሚቀባው ሳኒታይዘር የኩባያሽን ከንፈር ጠርገሽ ንጹሕ ነው እንዳትዪ የምለው፤ በዚህ ቫይረስ ላይ አልኮል ደካማ ነው። እጃችሁንም ከመብላታችሁ በፊት በሳሙና 20 ሰከንድ ታጠቡ፤ የልጁን እጅ አንቺ እሺለት።

ማድረቁ ከማጠቡ እኩል ነው። የካቢን መታጠቢያ ቤት ሁሌም እርጥብ ነው፣ ኩባያ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሲቀር ውስጡ አየር አያገኝም። የአብዛኞቹ መርከቦች የካቢን ግድግዳ ብረት ነው፤ ማግኔት ይይዛል። ጥቂት የማግኔት መንጠቆ ይዘሽ ብትሄጂ ክዳኑን፣ ብሩሹን፣ እጀታ ያለውን ኩባያ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ሰቅለሽ ታሳድሪያለሽ። ስትሮውን አቁመሽ አድርቂው። ጎማውን ሳይደርቅ መልሰሽ አትግጠሚ።

ሥራሽን የሚያቀልልሽ አንድ ነገር ልጨምር፦ ኩባያችሁን ለውሃ ብቻ አድርጉት። ጭማቂውን፣ ለስላሳውን፣ ማኪያቶውን በመርከቡ ብርጭቆ ጠጡና እነሱው ይጠቡት። የለስላሳ መጠጥ ክፍያ ለከፈለ ሰው ሥሩ ቺፕ ያለው ኩባያ የሚሰጡ መርከቦች አሉ፤ ያንን ከወሰዳችሁ ማታ ማታ መታጠቡን አትርሱ፤ ስኳር አድሮ ከደረቀ ብሩሽም ይቸግረዋል።

የልጁ ወተት ግን ለብቻው ነው። ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቦታ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። መዋኛው ዳር ላይ ያለው ሙቀት እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። ተጫውቶ ይመለስበታል ብለሽ የተረፈውን አታቆዪለት። እንደጠጣ ድፊው፣ ወዲያው በውሃ አለቅልቂው፣ ክፍል ስትመለሱ በሳሙና ታጥቢዋለሽ። ኩባያው ውሃ እንዳይፈስ የሚከለክል ትንሽ ላስቲክ ካለው እሱንም ነቅለሽ እጠቢ፤ የወተት ሽታ የሚያድረው እዚያ ነው።

ቡና እንደምትወጂ አውቃለሁ። ጀበናና ምድጃ፣ ዕጣን፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ አብዛኞቹ መርከቦች የእሳት አደጋ ፈርተው ይከለክላሉ፣ ሲያገኙም ይወስዱታል። ፔርሙዝሽን ብትይዢ ቡናውን በመርከቡ ስኒ አስቀድተሽ ገልብጪበት፤ ክዳኑና የማፍሰሻው ቀዳዳ ላይ ያለው ጎማ እንደ ኩባያው ሁሉ በየቀኑ ይታጠብ።

እግዚአብሔር አያምጣውና ከሦስታችሁ አንዱ ካመመው አትደብቁ። ዕረፍታችን ክፍል ውስጥ ተዘግተን ያልቃል ብለው ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ኃጢአት ነው ብዬ ነው የማስበው። ለመርከቡ ሐኪም ወዲያው ንገሩ፤ እነሱ በሽታው መዛመቱን የሚያውቁት ሰው ሲናገር ነው፣ ክፍሉንም በሚገባው መድኃኒት የሚያጸዱት ያን ጊዜ ነው። የታመመው ሰው ኩባያ ይታጠብና ይቀመጥ፤ በቀሪው ጉዞ በመርከቡ ብርጭቆ ይጠጣ። አንዱ የሌላውን ስትሮ መሳብ ደግሞ ጤነኞችም ሳላችሁ ይቅር። ልጁ ከእጅሽ ቀምቶ ሊጠጣ ይሞክራልና የእሱን ኩባያ ቀለም ለዪለት።

የመጨረሻው ሌሊት ላይ ሻንጣችሁን ከበራችሁ ውጭ አስቀምጡ ይሏችኋል። ኩባያዎቹን ከእራት በፊት አጥበሽ ስቀያቸው፤ ሌሊቱን ይደርቁና ጠዋት ክዳናቸው ለብቻ፣ ጎማቸው ለብቻ ሆኖ በእጅ ቦርሳሽ ይግቡ። እርጥብ ኩባያ ክዳኑ ተገጥሞ ሻንጣ ውስጥ ካደረ ቤት ስትከፍቺው ትጸጸቻለሽ። ማያሚ ወደብ ስትደርሱ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ደውዪልኝ፤ ባሕሩ ላይ ስልክ ውድ ነው።

እመብርሃን ትጠብቃችሁ።

እናትሽ