ዘንግ፣ መንጠቆና ወንድማማችነት

በየቤታችን «ኧረ ለመሆኑ ከዚህ ነገር ምን ታገኝበታለህ?» የሚያሰኝ አንድ ጉዳይ አይጠፋም። የአንዱ ኳስ ነው፤ የሌላዋ አበባ መትከል፤ የሌላው ደግሞ አሮጌ ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም። የእኔ ዓሣ ማጥመድ ነው። ለእንጀራዬ ሳይሆን ለዕረፍቴ የማደርገው ነገር ነው። ባለቤቴ በትዳራችን መጀመሪያ ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር። «ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄደን ተጸድቶና ተጠብሶ አንበላውም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዓሣ ለመብላት ብቻ ከሆነ መግዛቱ ይረክሳል፤ ይፈጥናልም። እንግዲህ ሌላ ምክንያት መኖር አለበት። ጉዳዩ ከዓሣ አልፎ ትዳርንና ወንድማማችነትን ስለሚነካ ዛሬ ስለዚያ ምክንያት ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

ዕቃውን መውደድ

አጥማጅ ዕቃውን ይወዳል። ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልግም። የቀርከሃ ዘንግ፣ ጥቂት ሜትር የናይለን ክር፣ መንጠቆ፣ ትንሽ እርሳስና ቡሽ ይበቃል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ልጆች በዚህ ብቻ ቆሮሶ ሲያወጡ ታያላችሁ። እጅ እየለመደ ሲሄድ ግን ልብም ይከተላል። ከቀርከሃው ወደ ፋይበር ግላስ፣ ከዚያም ቀላልና ጠንካራ ወደሆነው ካርቦን ዘንግ ዓይን ያማትራል። ዓሣውም እንደየዓይነቱ የራሱን ዕቃ ይጠይቃል። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆና ቀጭን ክር ይሻል። አምባዛ ከሥር ከጭቃው ስለሚፈልግ ክብደት ያለው ማጥመጃ ይስማማዋል። አርባ ምንጭ ጫሞ ሐይቅ ያለው ናይል ፐርች ደግሞ ግዙፍ ነው፤ ቀጭን ክር ይዞ የሄደ ክሩን አስበጥሶ ይመለሳል። በባሌ ተራሮች ጅረቶች የሚገኘው ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ሲሆን፣ ዝንብ በሚያስመስል የላባ ማባበያ ይያዛል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል ሌላው ሰው ጫማ ይላል፤ እኔ ክር እላለሁ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የምወደው ክሩ በሚጠቀለልበት ሪል ላይ ያለችውን ፍሬን ነው። ትልቅ ዓሣ በኃይል ሲጎትት ይህች ፍሬን ክሩን ቀስ እያለች ትለቅለታለች። ዓሣው ሲደክም አጥማጁ ይሰበስባል፤ እንደገና ሲጎትት እንደገና ትለቃለች። ልምድ ያላቸው ሰዎች ፍሬኗ ክሩ ከሚችለው ጉልበት ሩብ ወይም ሲሶ ላይ እንድትለቅ ያስተካክሏታል። 6 ኪሎ የሚችል ክር ከሆነ 2 ኪሎ ገደማ ሲሳብ መልቀቅ ይጀምራል ማለት ነው። እስከ መጨረሻው የጠበቀች ፍሬን ክሩን ታስበጥሳለች፤ ጭራሽ የላላች ደግሞ ዓሣውን ትሸኛለች። ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህን ለእናንተ ማብራራት ያስፈልገኛል?

ሌላም ነገር አለ። ቋጠሮ ሲጠብቅ ክሩ እርስ በርሱ ስለሚፋተግ ይግላል፤ የጋለ ናይለን ይደክማል። ስለዚህ አጥማጅ ከመሳቡ በፊት ቋጠሮውን በምራቁ ያርሰዋል። በደረቁ የተሳበ ቋጠሮ በዓይን ሲያዩት ደኅና ይመስላል። ጉዱ የሚታየው ዓሣው የያዘ ዕለት ነው።

በገሊላ ባሕር ዳር

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲጠራ አንዳንዶቹን ያገኛቸው ከዕቃቸው ጋር ነው። ያዕቆብና ዮሐንስ ከአባታቸው ጋር መረባቸውን እያበጁ ነበር (ማቴ. 4፥21)። በወንጌላት ውስጥ ብዙው ነገር የመረብ ነው። ጌታ ጴጥሮስን መንጠቆ እንዲጥል ያዘዘው ግብር በተጠየቁ ጊዜ አንዴ ብቻ ነው (ማቴ. 17፥27)። እኛ የመንጠቆ ሰዎች ይህችን ክፍል በልዩ ፍቅር እናነባታለን!

ይበልጥ የሚነካኝ ግን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ነው። ሰባት ሰዎች ናቸው። ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ከካደ ብዙ ቀን አልሆነውም። ዓሣ ላጥምድ ብሎ ሲነሣ ጓደኞቹ ብቻውን አልለቀቁትም፤ አብረውት ወጡ። ሌሊቱን ሙሉ ምንም አልያዙም። ሲነጋ ጌታ በዳር ቆሞ ነበር። 153 ዓሣ ከተያዘ በኋላም ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ቁርስ አበላቸው። ያ ከባድ ጥያቄ ለጴጥሮስ የቀረበለት ከቁርስ በኋላ ነው። አስቀድሞ እሳት፣ አስቀድሞ ምግብ፣ ከዚያ ወሬ። ጌታ የሰውን ልብ እንዴት እንደሚከፍት አስተውሉ።

በታሪክም ብናይ ዓሣ ማጥመድና ጓደኝነት አይለያዩም። አይዛክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ አማኝ በ1653 እ.ኤ.አ. ስለ ዓሣ ማጥመድ ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ የተጻፈው በመንገደኞች ጭውውት መልክ ነው። ቻርልስ ኮተን የሚባለው ወዳጁ በ37 ዓመት ያንሰው ነበር። ይህ ሰው በ1674 በወንዝ ዳር ትንሽ የአጥማጆች ቤት ሠርቶ በበሩ ላይ የሁለታቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አጠላልፎ አስቀረጸ።

ጎን ለጎን መቀመጥ

እኛ አራት ነን። አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር፣ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር፣ አንዱ ነጋዴ፣ አራተኛው እኔ። የሁላችንም አጥቢያ የተለያየ ነው። ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠን ልባችንን ለማውጣት እንቸገራለን። ጎን ለጎን ተቀምጠን ውኃውን ስናይ ግን ይቀለናል።

አንድ ጊዜ ነጋዴው ወንድማችን ዝም አለ። ሁለት ጉዞ ቀረ። በሦስተኛው ደውለን፣ ለምነን አወጣነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ማንም አልጎረጎረውም። ረፋዱ ላይ ቡሹን እያየ «ከቤት ከወጣሁ ሁለት ወሬ ነው» አለ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። መምህሩ ብቻ አጠገቡ ከነበረው ፔርሙዝ ሻይ ቀዳና ቀመሰ። ቀረፋና ቅርንፉድ አለበት።

«ይህን ሻይ ማን አፈላው?» አለው።

«እሷ ናት። ዘንጌ እዚያ ቤት ስለነበረ ትናንት ማታ ልወስድ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ላልፍ ስል በር ላይ ከዘንጉ ጋር ሰጠችኝ። ምንም አላለችም።»

መምህሩ ብርጭቆውን አቀበለው። «ሰው ለጠላው ሰው በሌሊት ተነሥቶ ሻይ አያፈላም» አለ። ሌላ ስብከት አልተጨመረም። ወንድማችን ግን ብርጭቆውን እንደያዘ አለቀሰ።

የዚያን ቀን ምሽት መምህሩና ሹፌሩ እስከ ደጁ ሸኙት። ነገሩ በአንድ ሌሊት አልተስተካከለም። መጋቢያቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ወራት ደክመውበታል፤ እኛም ጸልየናል። ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ባለቤቱ በኋላ ለባለቤቴ የነገረቻት እንዲህ ነው፦ «ዘንጉን ትቶ የወጣ ዕለት ነው የፈራሁት። ሊወስደው ሲመጣ ሰው የፈለገ መሰለኝና ተስፋ አደረግሁ።»

ሚዛኑን ስለመጠበቅ

ይህን ስል ባሎች ሁሉ ዘንግ ገዝተው ከቤት ይጥፉ ማለቴ አይደለም። ዓሣ መብላት በብልሃት ነውና እኛ ቤት የምንሠራበትን ልንገራችሁ። የዕቃ መግዣው በወር በጀታችን ላይ ይጻፋል፤ ዋጋ አይደበቅም። ጉዞው በወር አንድ ቅዳሜ ነው፤ እሑድ የጉባኤና የቤተሰብ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሚስቶችና ልጆች አብረውን ይወጣሉ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ እንደምትፈለፍል፣ በዚያን ጊዜም እምብዛም እንደማትበላ ለልጆቹ የነገርናቸው እንዲህ ባለ ቀን ነው። እናቶቹ ተያይተው ሳቁ፤ ነገሩ አዲስ አልሆነባቸውም!

እኅቴ ሆይ፣ ባልሽ ስለሚወደው ነገር «ስንት አወጣህ?» ማለትሽ ተገቢ ነው። «ከእነማን ጋር ነህ?» የሚለውንም ጨምሪበት። ወንድሜ ሆይ፣ አንተም አብረውህ የሚቀመጡት ሰዎች የሚስትህን ሻይ ዋጋ የሚያውቁ መሆናቸውን መርምር። ከቤት የሚያርቅ ጓደኛ አለ፤ እስከ ደጅህ የሚሸኝህም አለ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ መልካም ወዳጆችንም ይስጣችሁ። አሜን።