ቁም ሳጥን በጀርባው ይመረጣል

የአዲስ አበባ ልጅ ጎጆ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገዛው ፍራሽ ነው። ቀጥሎ አልጋ። ከዚያ… ከዚያማ ጭቅጭቁ ይጀምራል! እሱ ቴሌቪዥን ይላል፣ እሷ ቁም ሳጥን ትላለች። እስከዚያው ልብሱ የት ነው ያለው? ግማሹ ሻንጣ ውስጥ፣ ግማሹ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ፣ የቀረው ወንበር ላይ ተቆልሎ። እንግዳ ሲመጣ ክምሩ ከወንበር ወደ አልጋ ይዛወራል፤ ማታ ደግሞ ከአልጋ ወደ ወንበር ይመለሳል። እንዲህ ሲንከራተት የሚኖር ስንት ሸሚዝ አለ መሰላችሁ!

ታዲያ የዛሬ ጨዋታችን ስለ ቁም ሳጥን ነው። ያውም ስለ ሙሉ እንጨቱ፣ ነጋዴዎቹ «ኦርጅናል እንጨት» ስለሚሉት። «ምን ችግር አለው፣ ሄዶ መግዛት ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይምሰላችሁ! ቁም ሳጥን ሸሚዝ አይደለም፤ ሲጠብ ለታናሽ ወንድም አይሰጥም። የብዙ ወር ቁጠባ ወይም የእቁብ ዕጣ ነው የሚገባበት። ለሚጋቡ ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ አብረው የሚወስኑት የመጀመሪያው ትልቅ ዕቃ እሱ ነው። እዚያ ላይ የተታለለ ሰው በየማለዳው ልብሱን ባወጣ ቁጥር ያስታውሰዋል።

እንግዲህ ወደ መርካቶ እንሂድ። መርካቶ ሁሉም ነገር ተራ አለው። ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮና ብረት ተቀጥቅጦ አዲስ ዕቃ ይሆናል፣ ሌላው ተራ ሌላ ይሸጣል። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ አካባቢ ጀምሮ ሰው በሰው ላይ ነው። «ዞር በሉ!» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ዘወር ስትሉ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን በሁለት እግሩ ሲሄድ ታያላችሁ። ከሥሩ ተሸካሚው አለ፤ እሱን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ጓደኛዬና እጮኛው እቁብ ደርሷቸው የሄዱ ዕለት እኔም ተከትያቸው ነበር። የእጮኛው አክስትም አብረውን ነበሩ። አንድ ሱቅ ገባን። መሀል ላይ ባለ ሦስት በር፣ ባለ ትልቅ መስታወት፣ ቫርኒሹ ፊት የሚያሳይ ቁም ሳጥን ቆሟል።

«ግቢ እህቴ፣ ማየት ክልክል አይደለም!» አለ ባለሱቁ። «ይኼ ኦርጅናል ዋንዛ ነው። ለልጅ ልጅ ይተርፋል።»

ልጅቱ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፣ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች። በቃ፣ መስታወቱ ሸጠው ማለት ነው። ጓደኛዬም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ይኼኔ አክስት ጣልቃ ገቡ።

«ልጄ፣ እስቲ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርግልኝ።»

«እማማ፣ ጀርባው ምን ይሠራል? እሱን የሚያየው ግድግዳ ነው።»

«እኔም ግድግዳው የሚያየውን ነው ማየት የፈለግሁት» አሉት።

እያጉረመረመ ፈቀቅ አደረገው። ጀርባው ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ያውም በሚስማር የተመታ። ጎኑ ቺፕውድ ላይ የእንጨት መልክ ያለው ወረቀት የተለጠፈበት። መደርደሪያውም እንደዚያው። እንጨት የሆኑት ሦስቱ በሮች ብቻ ናቸው! ዋጋው ግን ከላይ እስከ ታች የጣውላ ነበር። ቺፕውድ በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ አቅሙ ለዚያ የሆነ ሰው በቺፕውድ ዋጋ ይግዛው። ነውሩ በዋንዛ ስም መሸጡ ነው።

ስለዚህ ትምህርት አንድ፦ ቁም ሳጥን ከፊቱ አይመረጥም። ፊቱ ለገበያ የተሠራ ነው። ጀርባውን፣ ጎኑን፣ የመሳቢያውን ሆድ እዩ። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ መዝዛችሁ አውጡትና ገልብጡት። የበሩን ጠርዝ በሞባይላችሁ ባትሪ አብሩበት። ሙሉ እንጨት ከሆነ ከፊት ለፊት የምታዩት የእንጨቱ መስመር ጠርዙ ላይ ደርሶ ይቀጥላል እንጂ እንደ ተቀደደ ደብተር አይቆረጥም። ጠርዙ ላይ የተለጠፈ ጥብጣብ ካለ ግን ከውስጥ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በተረፈ በጠዋት ሂዱ፤ ማታ በአምፖል ብርሃን ሁሉም ቫርኒሽ ቆንጆ ነው።

ከሱቁ ወጥተን ሰፈራችን ወዳለ አናጺ ቤት ሄድን። አናጺ ቤት ስትገቡ ግማሹ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው። ሞራሌ፣ ኮላ፣ ስቱኮ፣ ሰጋቱራ፣ ካቻቪቴ… ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፣ ቃላቱ ግን ከመጋዙ ጋር ቀሩ። አልጋችሁ አጠገብ ያለው ኮመዲኖም የዚያው ዘር ነው። ከእነዚህ ሁሉ ልትጠነቀቁት የሚገባው ስቱኮን ነው። ትንሽ ቀዳዳ ለመድፈን መልካም ነው፤ ስንጥቅ ሲሸፈንበት ግን ዱቄት እንደተቀባ ጠባሳ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ረግፎ ይወጣል።

ባለሙያው ስድሳውን የዘለሉ ሰው ናቸው። ስለ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ስለ እንጨት ማውራት ጀመሩ።

«ልጆቼ፣ እንጨት ሞቶም ይተነፍሳል» አሉን።

እውነታቸውን ነው። በክረምት አየሩ ሲረጥብ ጣውላ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሐምሌ ላይ እምቢ ብሎ የሚያስለቅስ መሳቢያ ጥር ላይ እንደ ቅቤ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ባለሙያ አናጺ ይኼንን ያውቃል፤ የበሩን መሀለኛ ጣውላ በኮላ አያጣብቀውም፣ በዙሪያው ባለው ክፈፍ ቦይ ውስጥ ያስገባውና ልቅ ያደርገዋል። ሲያብጥ መሄጃ፣ ሲሰበሰብ መመለሻ አለው። የተጣበቀ ከሆነ ግን መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል።

ትልቁ ነገር ግን መድረቁ ነው። ከተቆረጠ ብዙም ያልቆየ ጣውላ ቁም ሳጥን ከሆነ በመጀመሪያው በጋ በሩ ይጣመማል። በልማድ የሚነገረው ሂሳብ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ሥር ተደርድሮ አንድ ዓመት ያህል ይቆይ የሚል ነው። እርጥብ ጣውላ ከባድ ነው፣ እጅ ሲያርፍበት ቀዝቀዝ ይላል። አናጺው «ጣውላው እዚህ ከገባ ስንት ጊዜው ነው?» ስትሉት ቢቆጣ፣ መልሱን ሰጣችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዓይነቱ። ዋንዛ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ቡናማ መልኩ ያምራል፣ ከበሮ የሚጠረብበትም ነው። ጥድ መዓዛ አለው፣ ምስጥም አይደፍረውም፣ ግን ሚስማር ሲመታበት ቶሎ ይሰነጠቃል። ዝግባ ነጣ ያለና ቀጥ ያለ ነው፣ ነቀዝና ምስጥ ግን ያጠቁታል። ኮሶ ቀላ ያለ ውብ እንጨት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅ ግን መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል። የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ ደግሞ ተተክለው የሚቆረጡ ናቸው፤ ግራቪሊያ ሲላግ ዳንቴል የመሰለ መልክ ያወጣል። አንጓ የበዛበትን ጣውላ ግን ለበር አትፍቀዱ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። «ዋንዛ ነው» ሲባል ደስ ከማለታችን በፊት «ከየት መጣ?» ማለት አለብን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። እሱን በ1999 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ተካው፣ ያንንም የ2010 ዓ.ም. አዋጅ። ያለ ፈቃድ ከደን መቁረጥና ማጓጓዝ ዛሬም ያስቀጣል። ዋንዛ በገበሬ ማሳና በቡና ጥላነትም ይበቅላል፣ ስለዚህ ሁሉም ዋንዛ የተሰረቀ ነው ማለት አይደለም። ግን ወረቀቱን የመጠየቅ መብት አላችሁ። የኛ መኝታ ቤት እንዲያምር የአንዱ አገር ምንጭ መድረቅ የለበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚገላግል አንድ መንገድ አለ፦ ያገለገለ። «የሰው አሮጌ ለሙሽራ?» ብላችሁ ፊታችሁን አታጨማድዱ። ሰው ቤት ሲቀይር ወይም አገር ሲለቅ የሚሸጠው የድሮ ዋንዛ ቁም ሳጥን ሊጣመም የነበረውን ተጣሞ፣ ሊሰነጠቅ የነበረውን ተሰንጥቆ ጨርሷል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ትንንሽ ክብ ቀዳዳና ከሥሩ ትኩስ ዱቄት ካለ ግን ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ጥላችሁት ሂዱ። ከሌለ በብርጭቆ ወረቀት አስፈግፍጋችሁ፣ አዲስ ማጠፊያ አስገጥማችሁ፣ ቫርኒሽ አስቀቡት። ማን ያውቃል?

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ፣ ሜትር ይዛችሁ። ኮት በማንጠልጠያ ሲሰቀል ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ በሩ እጅጌውን ይነክሳል። በሩ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ተከፍቶ እናንተም ፊቱ እንድትቆሙ ከአልጋው እስከ ቁም ሳጥኑ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ይኑር። አለበለዚያ ልብስ ለማውጣት አልጋ ላይ መውጣት ነው። ለረዥም ቀሚስ 1 ሜትር ከ50፣ ለሸሚዝ 1 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ጋቢና ጥልፉ የከበደ የሐበሻ ቀሚስ ግን ከሚሰቀሉ ቢታጠፉ ይሻላል፣ ስለዚህ ሰፊ መደርደሪያ አስደርጉ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሂሳብ ይኸውላችሁ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ30፣ ጥልቀቱ 60 የሆነ ቁም ሳጥን ተጋድሞ ገብቶ ሲነሣ ጥጉ ወደ 2 ሜትር ከ38 ድረስ ይወጣል። ጣሪያችሁ 2 ሜትር ከ35 ከሆነ? ጣሪያውን እየፋቀ መሀል ላይ ይቀራል! ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ደረጃውን ለኩ። ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም፤ ተሸካሚዎቹ ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆመው ዋጋ ሲጨምሩባችሁ «በመሬት ነበር የተነጋገርነው» ማለት ዋጋ የለውም።

ተከራይ ከሆናችሁ ከሁሉ በፊት አናጺውን «ተፈታቶ የሚገጠም አድርገው» በሉት። አከራይ ኪራይ ሲጨምር የሚወጣው ሰው ብቻ አይደለም፣ ዕቃውም ነው። ሙሉ እንጨት በብሎን ከተያያዘ ደጋግሞ ይፈታል፣ ይገጠማል። ቺፕውድ ግን ብሎኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወጣ ሲገባ ቀዳዳው ይላላል፣ ውኃ ከነካው ደግሞ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። እግር ይኑረው፣ ቤት ሲወለወል ውኃ እንዳያገኘው። ከግድግዳውም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ይበል፣ ክረምት ላይ ሻጋታ እንዳይበላው። ቁመታም በር በሁለት ማጠፊያ አይበቃውም፣ ሦስት ይሁን።

ስታዘዙ በአፍ አትመኑ። የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩን፣ ጀርባው ምን እንደሚሆን፣ የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ቀብድ ስጡ፣ ግን ሙሉውን አትስጡ፤ ያልተከፈለው ብር ነው አናጺውን በጠዋት የሚቀሰቅሰው። ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊትም ሄዳችሁ እዩት። እንጨት ራቁቱን ሆኖ አይዋሽም።

እነዚያ ልጆች ባለ ሦስት በሩን ትተው ባለ ሁለት በር አዘዙ። ልጅቱ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ ሰርጉም ካለ ቁም ሳጥን አለፈ። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም ጎረቤትና ዘመድ «መኝታ ቤታችሁን አሳዩን» ማለቱ አይቀርም። ግን እንግዳ አንድ ቀን አይቶ ይሄዳል። በየማለዳው በሩን የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ።

እና ወዳጆቼ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ለመግዛት የምትወጡ ካላችሁ ሜትር፣ ባትሪና አንድ ጠያቂ አክስት ይዛችሁ ውጡ። ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ከግድግዳው ፈቀቅ አስደርጉት።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!