እንደ ማለዳ ጉም



በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ወደ ጀበል አሊ የመጣ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። አውራ ጎዳናውን፣ ወደቡን፣ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ቤተ ክርስቲያናችንንም ሳይቀር ይሸፍናል። ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ይመስላል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ግን የት እንደ ገባ አይታወቅም። ነቢዩ ሆሴዕ የሕዝቡን ፍቅር የመሰለው በዚህ በማለዳ ጉምና ፈጥኖ በሚጠፋ ጤዛ ነበር። በዘርአ ክህነት ሳለሁ ቃሉ ለጥንት እስራኤላውያን ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ለእኔም እንደ ተነገረ አውቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅታችን እናቷ በጠና ታመውባት ስለት ተሳለች፤ እናቷ ቢድኑላት በዕረፍት ቀኗ ከቅዳሴ ላትቀር። እናት ዳኑ። እርሷም ለጥቂት ወራት ቃሏን ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ድካሙ፣ በዕረፍት ቀን የሚገኘው ትርፍ ሥራ፣ ወደ ቤት የሚላከው ገንዘብ አሳብ እየተደራረበ እግሯ ራቀ። በመጨረሻ ባገኘኋት ቀን «በዚህ ሳምንት እደውልልሻለሁ» ብያት ነበር። አልደወልሁም። ሳምንቱ ወር፣ ወሩም አራት ወር ሆነ።

በኋላ አፍሬ ስደውል የእኔን መዘግየት አንድም ጊዜ አላነሣችም። «አባ፣ እግዚአብሔርን አታለልሁት። በምን ፊቴ እመጣለሁ?» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ዝም አልሁ። ስለቷን ያፈረሰች እርሷ ብቻ እንዳልነበረች፣ እረኛ እሆናለሁ ብዬ በመሠዊያ ፊት ቃል የገባሁት እኔም ቃሌን እንዳጎደልሁ ነገርኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አስተውያለሁ። ብዙዎቻችንን ከእግዚአብሔር የሚያርቀን መውደቃችን ብቻ ሳይሆን ከወደቅን በኋላ የሚይዘን እፍረት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ በፍም እሳት አጠገብ፣ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ የጠበቀው ዳግመኛ በፍም እሳት አጠገብ ነው። ሦስት ጊዜም ጠየቀው። ጥያቄው «ዳግመኛ ላለመካድህ ዋስ አለህን?» የሚል አልነበረም፤ ስለ ፍቅሩ ብቻ ጠየቀው። ጴጥሮስም ስለ ራሱ ጽናት አልማለም፤ ጌታ ልቡን እንደሚያውቅ ብቻ መለሰ።

ከአገራችንም ምስክር አለን። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የመርጡለ ማርያም መነኩሴ ነበሩ። እውነትን ፍለጋ ብዙ ደክመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ከልዑካን ጋር ወደ ግብፅ ተጉዘዋል፤ በ1844 ካቶሊክ ሆነዋል፤ በ1851 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እጅ ክህነትን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 60 ገደማ ነበር። ከሩቅ ለሚመለከታቸው በአንድ ስፍራ የማይረጉ ሰው ሊመስሉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ እስኪያርፉ ድረስ ካገኙት እውነት አልተመለሱም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕ ብለው ሰይመዋቸዋል። የእርሳቸው ሕይወት የሚያስተምረኝ ታማኝነት በአንድ ቀን መሐላ እንደማይፈጸም፣ ዕድሜ ልክ ሲለመን የሚሰጥ ጸጋ እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አሠሪዎቻችሁ ፈቃድ ስለ ከለከሏችሁ ከቅዳሴ የቀራችሁ፣ ይህ አለመታመን አይደለምና ራሳችሁን አትክሰሱ፤ በኩሽና ቆማችሁ የምትደግሙት አንድ «አባታችን ሆይ» ይሰማል። መምጣት እየቻላችሁ ያፈራችሁ ደግሞ፣ የፈረሰውን ስለት ይዛችሁ ወደ ኑዛዜ ኑ። በዚያ የሚቀበላችሁ ካህንም ይቅርታ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ያች እኅት በተከታዩ ሳምንት አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለው ግን መጣች፤ ከበሩ አጠገብ፣ በመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠች። እኔም አሁን እደውላለሁ ያልሁትን ሁሉ በማስታወሻ እጽፋለሁ፤ በልቤ ጽናት መታመን ትቻለሁና። ጉሙ እንደ እኛ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። እግዚአብሔር ግን እንደ ፀሐዩ ነው፤ ጉሙ ሲሸፍነውም ከስፍራው አይናወጥም።

የጌታችን ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።